ቡሉኮ የለበሰው ላፕቶፕ

ዘርፈሽ ወልደሥላሴ ቤት ልብስ ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ማቀዝቀዣው ለብሷል፣ ፔርሙሱ እንኳ ወገቡ ላይ የምታስርለት የተጠለፈ ቀሚስ አለው። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር «እኔንስ መቼ ነው የምታለብሺኝ?» እላታለሁ። አትስቅም። ዕቃን የሚገድለው አቧራ ነው ብላ ታምናለች፤ ሰፈራችን፣ የአርባ ምንጯ ሴቻ ደግሞ በበጋ ከአቧራ በቀር ምን አላት?

እኔ ጌታነህ እባላለሁ፤ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዘርፈሽ እኔ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። የተማሪ ማኅደር የምትይዘው፣ መሸኛ የምትጽፈው፣ የፈተና ምዝገባ የምታካሂደው እሷ ናት። ቢሮዋ ከቤተ ሙከራዬ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ስታስነጥስ እንኳ እሰማታለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያወቅኳትን በአንድ ቃል ንገረን ብትሉኝ፣ ፈሪ ናት እላችኋለሁ። ስድብ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ቀይ ነው፤ ዘርፈሽ ደግሞ ፈሪ ናት።

ስቴፕለር ካዋሰችኝ እስክመልስላት ድረስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ማታ ከቢሮ ስትወጣ በሩን ቆልፋ ትሄድና ከግቢው መውጫ ተመልሳ መጥታ እንደገና ትነቀንቀዋለች። ዘበኛው «ዘርፌ፣ ዳይሬክተሩ ይፈልጉሻል» ካላት ፊቷ ዐመድ ይመስላል፤ መንገዱን ሁሉ «ምን አጠፋሁ? ምን አጠፋሁ?» እያለች ነው የምትሄደው። እሳቸው የሚፈልጓት ግን ማኅተሙን የት እንዳስቀመጡት ጠፍቷቸው ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ዘርፈሽ እባቡን ያየችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ጋሽ ወልደሥላሴ ሐይቁ ዳር በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አንድ ቀን የውኃ መሳቢያው ሞተር ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም፤ ተረክበው የፈረሙት ግን እሳቸው ስለነበሩ እሳቸው ታሰሩ። እናቷ አራስ ስለነበረች ስንቅ ማመላለሱ በዘርፈሽ ላይ ወደቀ። ምግቡን በሳህን፣ ሻዩን በቆርቆሮ ኩባያ ይዛ ትሄዳለች። ጠባቂው ምግቡን በእንጨት እየወጋጋ ሲፈትሽ እሷ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። በኋላ «ስህተት ነበር» ተብለው ተፈቱ፤ የወጡት ግን ሌላ ሰው ሆነው ነው። ሰው ቤት ሄደው የቀረበላቸውን ብርጭቆ እንኳ «ቢሰበርስ?» ብለው አያነሱም ነበር አሉ። ለልጆቻቸው የተዉት ምክር አንድ ነው፦ «የመንግሥት ዕቃ እሳት ነው፤ ከሩቅ ሆናችሁ ሙቁት።»

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ልጅየው አድጋ የመንግሥት ዕቃ የምትረከብ ሠራተኛ ሆነች። ንብረት ለመረከብ ዋስ አምጪ ስትባል ዘመዶቿ ሁሉ በድንገት ሥራ በዛባቸው። እኔ ፈረምኩላት። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ለስቴፕለር በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ምን ታጠፋለች ብዬ ነው።

አምና ትምህርት ቤቱ ለምዝገባ ሥራ ላፕቶፕ ገዛ። የተገዛው ከከተማው የታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ ካለው ከሐጂ ባድሩ ሱቅ ሲሆን የሁለት ዓመት ዋስትና ነበረው። ከሆዱ በኩል አንዱ ብሎን ላይ ብርማ ማሸጊያ ተለጥፎበታል። ያቺ ማሸጊያ ከተላጠች ዋስትናው ቀረ ማለት ነው። ዘርፈሽ ፈርማ ተረከበች። ጥቂት ቀን ቆይቼ ቢሮዋ ብገባ ላፕቶፑ ልብስ ለብሶ አገኘሁት።

ልብስ ስላችሁ እንዲሁ ጨርቅ አይምሰላችሁ። አጎቷ ዶርዜ ውስጥ ሸማኔ ናቸው። እሳቸው ከሠሩት ቡሉኮ፣ ያ ደጋ ላይ ብርድ ከሚመከትበት ወፍራም የጥጥ ልብስ፣ ቆርጣ፣ ደርባ ሰፍታለታለች። ለስክሪኑ መስኮት አለው፣ ለቁልፎቹ መስኮት አለው፣ ለቻርጀሩ ገመድ ቀዳዳ አለው። የቀረው፣ ከታችም ከጎንም፣ ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። እኛ የአርባ ምንጭ ሙቀት ሸሚዝ አስከብዶን በካኔተራ መዋል የሚያምረን ሰዎች ነን፤ ማሽኑ ቡሉኮ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተኮፍሷል።

«ደጋ፣ ገረሴ ልትልኪው ነው እንዴ?» አልኳት።

«አቧራ እንዳይገባበት ነው» አለችኝ፣ የጠርዙን ስፌት እየዳበሰች።

የሚገባውን አቧራ አሰበች፤ የሚወጣውን ሙቀት አላሰበችም። እኔም የሙቀትን ነገር በየዓመቱ የማስተምረው ሰውዬ ሳቅኩና ወጣሁ እንጂ አላሰብኩም።

ፍላሽ የሚባል ነገርም አይጠጋውም ነበር። «ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል» ትላለች። የጻፈችውን ሌላ ቦታ ገልብጣ እንድታስቀምጥ አንድ ሁለቴ ነግሬያታለሁ፤ የማይሆን ነገር እንደጠየቅኳት ሁሉ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምዝገባ ደረሰ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች፤ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጠይቃ ጻፈች፤ የተሳሳተውን አረመች። ትምህርት ቤቱ መብራት በጠፋ ቁጥር በመውጫ ፈቃድ ላፕቶፑን ቤቷ ወስዳ አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ትሠራለች፤ ቡሉኮውን ግን አታወልቅለትም። ሥራው አለቀ። የቀረው በኢንተርኔት መላክ ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ልጆቹ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ምክንያት ወደየቤታቸው ተበትነዋል። አብዛኞቹ ከደጋው፣ ከኦቾሎ፣ ከዶርዜ፣ ከገረሴ ወርደው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ሰፈራቸው ድረስ ደውለህ እንዳትጠራቸው ኔትወርክ የለም፤ ስማቸውና ፎቷቸው ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቡሉኮው ውስጥ።

ረቡዕ ጠዋት ግድግዳዬ በቡጢ ተደበደበ።

«መምህር! መምህር ና!»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ዘርፈሽ ወንበሯ ላይ የለችም። ከጠረጴዛው መራቅ የምትችለውን ያህል ርቃ ጥግ ላይ ቆማለች። ላፕቶፑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«አልበራ አለኝ» አለች።

«ቻርጅ ጨርሶ ይሆናል።»

«ከትናንት ጀምሮ ሰክቼዋለሁ።»

ማብሪያውን ተጫንኩት። ዝም። ተጭኜ ያዝኩት። ዝም። ሶኬት ቀየርን፤ ከሒሳብ መምህሩ ቻርጀር ተውሰን ሰካን። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እንኳ ብልጭ አላለችም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ዋሷ እኔ ነኝ። ከዚያ ልጆቹ ትዝ አሉኝና የባሰ ፍርሃት መጣብኝ።

«ዓርብ ካለፈ አንዳቸውም አይፈተኑም» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ለዳይሬክተሩ እንንገራቸው።»

ክንዴን ያዘችኝ። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል፤ በዚያ ሙቀት። «ይወስዱኛል፣ መምህር» አለች።

የለመድኩት የፍርሃት ወሬዋ መሰለኝ። «መጀመሪያ ሐጂ ባድሩ ጋ እንሂድ» ብዬ ባጃጅ ጠራሁ።

ከሴቻ ወደ ሲቀላ ስንወርድ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር፤ ባጃጁ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ትበረግጋለች። ሾፌሩ ሕፃን የታመመባት መስሎት ይሆን እንጃ፣ ሳንነግረው ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ።

ሐጂ ባድሩ በጅምላ ንግድ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤቱን በኋላ የከፈቱ አዛውንት ናቸው። ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉን። ዘርፈሽን አይተው «አብሽሪ እህቴ፣ ዋስትና ያለው ዕቃ ነው፤ ምን ያንቀጠቅጥሻል?» አሏት። ከዚያ ቡሉኮውን አዩት። «ይሄን አውልቂልኝ፤ ማሸጊያውን ልይ።»

ስፌቱን በመቀስ ተረተረችው። ቡሉኮው ሲገለበጥ ሱቁ ውስጥ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ተነሳ። ከማሽኑ ሆድ ሥር የነበረው ጥጥ ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል፤ መሐሉማ ጠቁሯል። ዘርፈሽ አየችው። ሐጂም አዩት። ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ላፕቶፑን ገለበጡና ማሸጊያውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«አልተነካም። እንግዲህ ሁለት መንገድ አላችሁ» አሉ። «አንደኛው፣ እንደታሸገ አዲስ አበባ እልከዋለሁ። እዚያ ያዩታል፤ ካልዳነ በአዲስ ይቀይሩላችኋል። ይሄን ልብስ እኔ አላየሁትም።»

«ውስጡ ያለው ሥራስ?» አልኩ።

«ውስጡን እርሱት። ወይ ያጠፉታል፣ ወይ ሌላ ማሽን ይሰጧችኋል። ዋስትናው ለብረቱ ነው እንጂ ለጽሑፉ አይደለም። ደግሞ ቶሎ አይመጣም፤ ሳምንታት ይፈጃል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው እዚሁ ማስከፈት ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ሙከሚል የሚባል ልጅ አለ፤ ጎበዝ ነው፤ ውስጡን ያወጣላችሁ ይሆናል። ግን ማሸጊያው ከተላጠ እኔም የለሁበት፣ አዲስ አበባም የሉበት። ማሽኑ ቢሞት የሞተው በእሷ እጅ ነው።»

የዘርፈሽ ፊት በአንድ ጊዜ በራ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

«ይላክ» አለች።

«ምን?»

«ይላክ። አዲስ ይሰጡኛል አሉ እኮ! ሙሉ ዕቃ መልሼ አስረክባለሁ። ማንም ምንም አይለኝም።»

ደሜ ፈላ። «ልጆቹስ? ዘርፈሽ፣ ልጆቹስ? ላም አለኝ በሰማይ ብለሽ አዲስ ላፕቶፕ ስትጠብቂ ዓርብ ያልፋል! ከኦቾሎ ስንቅ ተሸክሞ እየወረደ አራት ዓመት የተማረ ልጅ በአንቺ ፍርሃት ቤቱ ይቅር?» ጮኽኩ። ሙዝ የጫነ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ቆሞ አየን። ዘርፈሽ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ የለውም፣ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል።

«አንተ አታውቅም» አለችኝ። «አንተ ኩባያ ይዘህ እዚያ በር ላይ ቆመህ አታውቅም።»

ሐጂ ባድሩ መሐላችን ገቡ። «መኪናው የሚወጣው ነገ ከሰዓት ነው። ዛሬ ይዛችሁት ግቡና ተማከሩ» ብለው ላፕቶፑን በፌስታል አድርገው ሰጡን። ቡሉኮውን ራሷ አጥፋ ያዘችው። ወደ ሴቻ ተመለስን።

ሐሙስ ጠዋት ትልቅ ዘንቢል አንጠልጥላ መጣች። ላፕቶፑ በሌላው እጇ ነው። ዐይኗ አብጧል። «ዳይሬክተሩ ጋ እንግባ» አለች። ዘርፈሽ በራሷ ፈቃድ ያንን በር ስታንኳኳ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

አቶ ተክለወልድ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገሩን ከእሷ አፍ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ቡሉኮውንም ነገረቻቸው። እየሰሙ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ትንሽ ትንሽ ያርቁ ነበር።

«እንዲከፈት ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው። «ልጆቹን ፈተናው ያመልጣቸዋል።»

«እኔ ይከፈት አልልም» አሉ።

«እንግዲያው አይከፈት ይበሉኝ።»

«አይከፈትም አልልም። የተረከብሽው አንቺ ነሽ። እኔ ይህን ነገር ዛሬ አልሰማሁም፤ ሰኞ ነው የምሰማው።»

ሐጂ ልብሱን አላዩትም፣ ዳይሬክተሩ ወሬውን አልሰሙም። ቆሽቴ እያረረ ወጣሁ። ዘርፈሽ ግን በረንዳው ላይ ቆማ ነጠላዋን አጣፋችና «ሙከሚል ጋ እንሂድ» አለች።

ባጃጅ ውስጥ ዘንቢሉን እግሯ ሥር አስቀመጠች። አርባ ምንጭ ቁልቁለቱ ላይ ሐይቁ ወለል ብሎ ሲታይ እንዲህ አለችኝ፦

«ሞተሩን ያቃጠለው ሰው እዚያው ነበር። አባባ ሲወሰዱ ቆሞ ያይ ነበር። ዝም አለ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያን ሰውዬ ስረግመው አደርኩ። ከዚያ ቡሉኮውን አየሁትና፣ ለካ አሁን ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

ዞር ብዬ ሐይቁን አየሁ። ቁጣዬ ሁሉ ሲቀላ ሳንደርስ አለቀ።

ሙከሚል የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ ተመርቆ ጠባብ ሱቅ ከፍቷል። «ቲቸር!» ብሎ ተነሳ። ላፕቶፑን ገልብጦ አሸተተው፤ ቻርጀሩን በመለኪያው ሞከረ። ከዚያ እጁን ከማሽኑ አነሳ።

«ቻርጀሩ ደህና ነው። ችግሩ ውስጥ ነው። ሳልከፍት ምንም ማለት አልችልም» አለ። «ዲስኩ ከተረፈ በሌላ ማሽን አነበዋለሁ። ዲስኩም ከተቃጠለ ግን ማሸጊያውን በከንቱ ቀደድነው ማለት ነው። እትዬ፣ አስቢበት፤ ቃል አልገባልሽም።»

ልኮ ልጆቹን ማጣት፣ ከፍቶ ምናልባት ሁሉንም ማጣት። «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ብዬ አጉረመረምኩ።

ዘርፈሽ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ አንተ ውጣ።»

«ለምን?»

«ዋሴ ነህ። ሲጠይቁህ አላየሁም በላቸው።»

«ስንት ሰው ነው ያላየው? እኔ እንኳ ልይ እንጂ!» አልኩና በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ።

ሙከሚል ማሸጊያውን ለመላጥ ስለታም ነገር አነሳ። «ተው» አለችው። «እኔ ነኝ የተረከብኩት።» ጥፍሯን ከማሸጊያው ጠርዝ ሥር ልታስገባ ሞከረች፤ ሸተት አለባት። እንደገና ሞከረች። ከንፈሯ ጸሎት ይሁን የአባቷን ስም እንጃ ያንሾካሹካል። ማሸጊያው ተላጠ። ግማሹ ጥፍሯ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እሾህ እንደተነቀለለት ሰው «እህ» አለችና ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

ሙከሚል ብሎኖቹን ፈትቶ የታችኛውን ክዳን አነሳ። ሙቀቱን የሚያወጣው ፋን አይታይም። ግራጫ ነገር ሞልቶታል። በመቆንጠጫ ያዘና ሲስበው ረዘመ፤ እየረዘመ መጣ፤ ለመፈተል የተዘጋጀ ባዘቶ ይመስል ነበር።

«ጥጥ ነው» አለ ሙከሚል፣ ግራ ተጋብቶ። «ታፍኖ ነው የሞተው። ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ እሱን ተዉት።»

ዘርፈሽ ባዘቶውን በመዳፏ ተቀበለችው። «አጎቴ የሠሩት ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «እንዳይቆሽሽ ብዬ እኮ ነው።»

ዲስኩ ማስቲካ የምታክል ስስ ነገር ናት። ሙከሚል ነቅሎ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካት። ምንም አልመጣም። ዘርፈሽ ዐይኗን ጨፈነች። ነቅሎ ጠረገና እንደገና ሰካት። ጠበቅን። እኔ የሱቁን ጣሪያ አያለሁ፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነው፤ እነዚያ ሁሉ ልጆች በአንዲት ማስቲካ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«መጣ» አለ ሙከሚል።

ዘርፈሽ ዐይኗን አልገለጠችም። «ፎቶውም?»

«ፎቶውም።»

ያን ጊዜ ገለጠች። የአንደኛዋ ልጅ ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ካሜራውን ፈርታ ዐይኗን ያፈጠጠች የኦቾሎ ልጅ። ቀጥሎ የዶርዜው ናትናኤል፣ ለፎቶ ብሎ የጓደኛውን ኮት ለብሶ እጅጌው ጣቱን የሸፈነበት። ዘርፈሽ እያንዳንዳቸውን በስም ጠራቻቸው፤ እንባዋን ግን አልጠረገችም። እኔም የራሴን አልጠረግኩም፤ ሙከሚል አቀርቅሮ ብሎን የሚለቅም መስሎ እንዳላየን ሲሆን በልቤ አመሰገንኩት።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም ተላኩ። አንድም ልጅ አልቀረም።

ሰኞ፣ አቶ ተክለወልድ በሚሰሙበት ቀን፣ ዘርፈሽ ራሷ ጽፋ አስገባች፦ ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ማሸጊያውን የላጥኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው እስኪቀመጥ ድረስ በየቀኑ ያንን ዘንቢል ይዛ ትመጣለች፤ ማታ ይዛው ትመለሳለች። በግድግዳው በኩል ስትንቀሳቀስ እሰማታለሁ፤ መኪና ግቢ ውስጥ ሲገባ ወንበሯ ይንኳኳል፣ ብድግ ትላለች፤ መኪናው ሲወጣ ትቀመጣለች። «በየቀኑ ገበያ ትወጫለሽ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። ዘንቢሉን በእግሯ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋችው። ላፕቶፑን መክፈት የከበዳት ደመወዟን ወይም ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ኮሚቴው በተሰበሰበበት ቀን እኔም በዋስነቴ ተጠራሁ። ዘርፈሽ ዘንቢሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በር አጠገብ ተቀመጠች። ብዙ ተነገረ፤ ግማሹ ስለ ጥንቃቄ፣ ግማሹ ስለ ልጆቹ ነበር። በመጨረሻ አቶ ተክለወልድ ውሳኔውን አነበቡ፤ ማሽኑ በብልሽት እንዲወገድ፣ ለሠራተኛዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ።

ዘርፈሽ ተነሳች። ዘንቢሉን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች።

«እሺ» አለች። «ዝግጁ ነኝ።»

«ለምኑ?» አሉ አቶ ተክለወልድ።

«ለመሄድ።»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ወደሚወስዱኝ።»

አቶ ተክለወልድ እኔን አዩኝ፤ እኔ ዘንቢሉን አየሁ። አፉ ተከፍቶ ነበር። የታጠፈ ጋቢ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ማበጠሪያ። ከሁሉም በላይ አንድ የቆየ የቆርቆሮ ኩባያ ተቀምጧል፤ እጀታው በሽቦ ታስሯል።

ያን ዘንቢል ይዛ የመጣችው ሐሙስ ጠዋት ነው። የዳይሬክተሩን በር ያንኳኳችው፣ ጥፍሯን ከማሸጊያው ሥር ያስገባችው፣ ይህን ሁሉ ይዛ ነው። እኔ ደግሞ ሐጂ ባድሩ ሱቅ ፈሪ ብዬ የጮኽኩት በዚህች ሴት ላይ ነበር።

«ማንም አይወስድሽም» አሉ አቶ ተክለወልድ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ቤትሽ ግቢ፣ ዘርፈሽ። ነገ ሥራ ግቢ።»

አላመነቻቸውም። ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት።

ወንበሩ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። እስክትነሳ ድረስ አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኳት። ወደ ቤቷ ስንሄድ ዘንቢሉን ተቀበልኳት፤ እስከ በሯ ድረስ ተሸከምኩላት። ከባድ ነበር።